ከ12 ክፍል ድራማ አንድ ፊልም፦ የሳይንስ ልቦለድ ተከታታይን ለሲኒማ ማዘጋጀት

ደሴ ላይ ከጓደኞቼ ጋር የሠራነው የሳይንስ ልቦለድ ተከታታይ 12 ክፍል ነበረው፤ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ሐረጎ በሚባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ጉም ውስጥ ይገባል፤ ከጉሙ ሲወጣ ኮምቦልቻ የደረሰው ከደሴ ከመነሳቱ በፊት ነው። በየክፍሉ አንድ ተሳፋሪ እያነሳን 240 ደቂቃ ተጓዝን። ከዚያ ፊልም እናድርገው አልን። አንድ ዓመት ተኩል ፈጀብን፤ ግማሹ የባከነው መንገዱን ስላላወቅነው ነው። ዛሬ ተከታታያቸውን ለሲኒማ ማድረስ የሚፈልጉ ልጆች ይጠይቁኛል፤ ለእነሱም ለሌላውም እንዲሆን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። 240 ደቂቃን ቆርጦ 100 ማድረግ ፊልም አይሰጥም። እኛ ሞክረነዋል። ክፍሎቹን አሳጥረን ቀጣጠልናቸው፤ የወጣው ነገር “ባለፈው ክፍል” የሚባለው ማስታወሻ ሳያልቅ መቶ ደቂቃ የሄደ ይመስል ነበር። ተከታታይ ድራማ ተመልካቹን በሳምንቱ ለመመለስ ጥያቄ ያበዛል። ፊልም አንድ ጥያቄ አንሥቶ እስከ መልሱ ይሄዳል። ከታች ያለው ሥራ ሁሉ ያንን አንድ ጥያቄ ለማግኘትና እሱን ላለመልቀቅ ነው።

1. መብቱን በወረቀት ጨርሱ

ስክሪፕት ከመጀመራችሁ በፊት ተከታታዩ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይታወቅ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ሥራ ወደ ሌላ ቅርጽ የመለወጥ መብትን ለመብቱ ባለቤት ነው የሚሰጠው። ድራማውን አንድ ጣቢያ ከፍሎ አሠርቷችሁ ከሆነ ባለቤቱ እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ፤ ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ። ስክሪፕቱን ሦስት ሰው ጽፎት ከሆነ ሦስቱም ይፈርሙ፤ የአጎት ልጅም ቢሆን ይፈርም። ተዋናዮቹ የፈረሙት ለተከታታዩ ብቻ ከሆነ ለፊልሙ አዲስ ውል ያስፈልጋል።

ይህ ነገር የትም አገር ያጣላል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1953 “የኳተርማስ ሙከራ” የሚል ባለ ስድስት ክፍል ድራማ አስተላለፈና የፊልም መብቱን ሸጠ። ደራሲው የጣቢያው ቅጥረኛ ስለነበር ከሽያጩ ድርሻ አልነበረውም፤ ቅሬታውም ለዓመታት አብሮት ኖረ።

እኛን የመታን ሙዚቃው ነው። የተከታታዩን መግቢያ ዜማ የሠራልን ሰው የፈቀደው ለተከታታዩ ብቻ ነበር፤ ወረቀቱም ይህንኑ ይላል፤ እኛ አላነበብነውም። ፊልሙ ኤዲት ተደርጎ ካለቀ በኋላ ዜማውን አውጥተን ሌላ አሠራን።

2. ሁሉንም ክፍል በሁለት ቀን እዩ፣ ካርድ ጻፉ

በሳምንት አንድ የሠራችሁትን በአንድ ትንፋሽ ስታዩት ሌላ ነገር ይወጣል። ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ካርድ ቁረጡ። ካርዱ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፍ፦ ማን ተለወጠ? ስለ ዓለሙ ምን አዲስ ነገር አወቅን? ዓይን የሚይዘው ምስል የቱ ነው? ሦስቱም ባዶ የሆኑበትን ካርድ ወዲያው ለዩ። እኛ 170 ገደማ ካርድ ግድግዳ ላይ ለጠፍን፤ ከ60 በላዩ ሦስቱም ባዶ ሆኖ ተገኘ። እነዚያ ደቂቃ ለመሙላት የገቡ፣ ወይም ያለፈውን ክፍል ላላየ ሰው ታሪኩን የሚደግሙ ትዕይንቶች ነበሩ። ያማል፣ ግን መልካም ዜና ነው፤ መቁረጡ ከሚመስላችሁ ይቀላል።

3. ታሪኩን በአንድ ቡና ንገሩ

ከሁሉ የጠቀመን ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ድራማውን ፈጽሞ ያላየ፣ ለሳይንስ ልቦለድም ደንታ የሌለው ሰው ፈልጉ። ቡና ሲፈላ ተቀምጣችሁ ታሪኩን በቃል ንገሩት። ማስታወሻ አትያዙ። አቦሉ ሲጠጣ መነሻው፣ ቶናው ላይ መሐሉ፣ በረካው ላይ መጨረሻው ይድረስ። አድማጩ የቱ ላይ ጥያቄ እንዳነሣ ልብ በሉ። አድናቆቱ አይጠቅማችሁም፤ ጥያቄው ነው የሚፈለገው።

እኔ የነገርኩት ለጎረቤታችን ለአንዲት እናት ነው። ቴሌቪዥን የሚከፍቱት ለዜና ብቻ ነው። ቡናውን እየቆሉ ሰሙኝ። ስለ ጉሙ፣ ስለ ጊዜው መታጠፍ፣ ስለ ፊዚክስ መምህሯ ስሌት ነገርኳቸው፤ እጣኑን እያስተካከሉ “እሺ ልጄ” ብቻ ይሉኛል። መሐል ላይ እንደ ቀላል ነገር፣ በአራተኛው ክፍል ረዳቱ ልጅ ጎማ ሊያይ ጉሙ ውስጥ እንደወረደና እንዳልተመለሰ ጠቅሼ አለፍኩ። እሳቸው ረከቦቱ ላይ የነበረውን እጃቸውን አቆሙ።

“ልጁ ከወረደ በሩን ማን ዘጋው?”

“ሾፌሩ ሳይሆን አይቀርም፣ እትዬ” አልኩና ቀጠልኩ። ቶናው ቀርቦ ስለ ነጋዴው ስነግራቸው አቋረጡኝ። “ሾፌሩ ዘግቶ ሄደ ነው የምትለኝ? ሳይጣራ?” መልስ አልነበረኝም። እኛ ልጁን ያወረድነው ተዋናዩ ለፈተና ስለሚሄድ ነበር። በረካው ላይ ታሪኬን ጨርሼ ዝም ስል “እና ሾፌሩ እንቅልፍ ይወስደዋል?” አሉኝ።

የፊልሙ ጥያቄ እሱ ሆነ። ሾፌሩ በሩን ዘግቶ ሄደ፤ ጉሙ ወደ ንጋት ሲመልሰው ያ ሰዓት ደግሞ ይመጣል፤ በዚህኛው ይቆማል ወይ? ሌላው አሥራ አንዱ ተሳፋሪ የዚህ ታሪክ ምስክር ሆነ። ልጁንም የሾፌሩ ታናሽ ወንድም አደረግነው።

ከአንድ ክፍል ውስጥ ፊልም መውጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። “ስታር ትሬክ” የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ጉዞ ተከታታይ የመጀመሪያ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1979 በብዙ ገንዘብ ተሠርቶ፣ የተከታታዩን ዓለም በትልቁ እናሳይ ሲል ዘገመ ተብሎ ተተቸ። በ1982 የመጣው ሁለተኛው ግን በ1967 የተላለፈ አንድ ክፍል ላይ ተመሠረተ፦ ካፒቴኑ ከዓመታት በፊት አንድ ጠላቱን ሰው በማይኖርበት ፕላኔት ላይ ትቶት ሄዶ ነበር፤ ያ ሰው ምን ሆነ? ወጪው የፊተኛውን ሲሶ እንኳ አልሞላም፤ ዛሬ ድረስ የሚወደደው ግን እሱ ነው። እናንተም ካርዶቻችሁ ውስጥ ትታችሁት የሄዳችሁትን ሰው ፈልጉ።

4. አንድ ሕግ ብቻ አስቀሩ

የሳይንስ ልቦለድ ተከታታይ በየክፍሉ አዲስ ተአምር ይጨምራል። የእኛ ጉም ጊዜ ያጥፋል፣ ከነገ ስልክ ያስደውላል፣ ጥላ ይወስዳል፣ የሞተ ባትሪ ይሞላል። በ12 ሳምንት ሲበተን ማንም አይቆጥርም። በ100 ደቂቃ ውስጥ ግን ተመልካቹ “አሃ፣ የፈለጉትን ማድረግ ይችላሉ ማለት ነው” ይላል፤ ከዚያ ወዲያ አይፈራላችሁም።

ሕጉን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። የእኛ ይህ ነው፦ ጉሙን አልፎ የወጣ ወደዚያው ቀን ንጋት ይመለሳል፤ ጉሙ ውስጥ የወረደ ይቀራል። ከዚህ ውጭ የሆነ ተአምር ሁሉ፣ ያማረውም ጭምር፣ ወጣ። ሕጉ በፊልሙ የመጀመሪያ ሲሶ ውስጥ በድርጊት ይታይ፤ መጨረሻውም ከሕጉ ይውጣ እንጂ ከአዲስ ፈጠራ አይምጣ። ሳይንሱን የምታስረዳ ገጸ ባሕርይ ካለቻችሁ ንግግሯን ወደ ሦስት መስመር አውርዱት። ሦስት መስመር የማይበቃው ሕግ ለፊልም ከብዷል።

በጊዜ ለምትጫወቱ አንድ የእኛ አገር ጣጣ አለ። ተዋናዩ “አንድ ሰዓት ላይ ተነሣን” ይላል፤ እጁ ላይ ያለው ስልክ 7:00 ይላል። በተራ ድራማ ማንም ግድ አይለው። ጊዜ በሚታጠፍበት ፊልም ግን ተመልካቹ ስድስት ሰዓት የተዘለለ መስሎት ታሪኩን ይስታል። በሙከራ ዕይታ ላይ ሁለት ሰው እንዲህ ሲሳሳት አይተናል። መፍትሔ ያገኘነው ከከተማችን ድምፅ ነው። ስልኩንም የእጅ ሰዓቱንም ከፍሬሙ አወጣን። ሚኒባሱ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ተሞልቶ ይነሣል፤ ጉም ውስጥ ይገባል፤ ይጨልማል፤ ከጉሙ ሲወጣ ከኮምቦልቻ በኩል የሱብሒ አዛን ይሰማል። ተሳፋሪው ዝም፣ ሾፌሩ ዝም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያን ድምፅ ሲሰማ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቅ የወሎ ሰው ነው። አንድ ቃል ሳንናገር አዳራሹ ውስጥ “ውይ” የሚል ድምፅ ወጣ። ቀኑንም ሰኞ አደረግነው፤ ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ ተሳፋሪው የያዘው ዕቃ ራሱ ቀኑን ይናገራል። እናንተም ሰዓትና ቀን ከመጻፋችሁ በፊት ሰፈራችሁ በምን ጊዜን እንደሚለይ ጠይቁ።

5. ሰዎቹን አዋሕዱ፣ ጡዘቶቹን አፍርሱ

አሥራ ሁለት ክፍል አሥራ ሁለት ጡዘት አለው፤ ለፊልም አንድ ይበቃል። በየክፍሉ መጨረሻ ያለችውን ልብ ሰቃይ ቁርጥ በሙሉ አውጡ፤ የምትጠቅመው ለሚቀጥለው ሳምንት እንጂ ለሚቀጥለው ትዕይንት አይደለም። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ከሆነ አንድ አድርጓቸው። የእኛ ነጋዴና ሽማግሌ አንድ ሰው ሆኑ፤ መምህሯ ስሌቷን ትታ ሾፌሩን የምትጠይቅ ሰው ሆነች። ተዋናዮቻችሁ ይከፋሉ። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ንገሯቸው፤ ስክሪፕቱ ሲበተን እንዳያውቁት።

መጨረሻውን ለብቻው አስቡበት። ቀድሜ ያነሣሁት የኳተርማስ ድራማ በቴሌቪዥን ያለቀው በንግግር ነው፤ ሳይንቲስቱ ወደ ጭራቅ በተለወጠው ጠፈርተኛ ውስጥ የቀረውን ሰብአዊነት ይማጸናል። እ.ኤ.አ. በ1955 በወጣው ፊልም ግን ጭራቁ በኤሌክትሪክ ይቃጠላል። የትኛው እንደሚሻል ያከራክራል፤ እኔ የቴሌቪዥኑን እመርጣለሁ። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፦ ሳሎን ውስጥ በቃል የሚያልቅ ነገር አዳራሽ ውስጥ የሚታይ ድርጊት ይፈልጋል። የእኛ ሾፌር በተከታታዩ ይቅርታ ይጠይቃል። በፊልሙ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የፊት መብራቱን አብርቶ ትቶ፣ ወደ ጉሙ ይወርዳል። በሩ ክፍት ነው።

6. ድራማውን ላላየ ሰው ጻፉ

አዳራሹ ከሚገባው ግማሹ አንድም ክፍል አላየም ብላችሁ ጻፉ። “ሰሬኒቲ” የተባለው እ.ኤ.አ. የ2005 ፊልም የመጣው 14 ክፍል ብቻ ተሠርቶለት ከተቋረጠ ተከታታይ ነው። ገና ሲጀምር ካፒቴኑ የጠፈር መርከቡን እየዞረ ሠራተኛውን አንድ በአንድ ሲያናግር ሳይቋረጥ በሚመስል ረጅም ቀረጻ ያሳያል፤ በጥቂት ደቂቃ ማን ማን እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ይገባችኋል። እኛ ይህን ሥራ ለረዳቱ ሰጠነው፦ መናኸሪያ ላይ ሂሳብ እየሰበሰበ ከኋላ ወንበር እስከ ጋቢና ይመጣል። የሚጠፋው ልጅ እሱ ስለሆነ ቀድሞ መወደድ ነበረበት።

ለማያውቀው ሰው ስትሉ የገጸ ባሕርይውን መነሻ መቀየርም ይቻላል። “ዶክተር ሁ” በተባለው የእንግሊዝ ተከታታይ ዋናው ገጸ ባሕርይ በቴሌቪዥን ከሌላ ዓለም የመጣ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሰባት ክፍል ወደ 80 ደቂቃ ገደማ ሲጨመቅ ግን ጓሮው ውስጥ የጊዜ ማሽን የሠራ ተራ ሰው አደረጉት፤ ማስረዳቱ ቀረ።

ርዝመቱን በተመለከተ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ የሚባለውን ልማድ አትመኑ። የእኛ አጻጻፍ ወጥ አይደለም፤ የወሎ ሰው ደግሞ ሰላምታው ብቻ ደቂቃ ይወስዳል። ስክሪፕቱን ተዋናዮች ሰብስባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡና በሰዓት ለኩት፤ ንግግር ለሌለው ትዕይንት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ቁጠሩ። የእኛ 112 ገጽ 131 ደቂቃ ሆኖ ወጣ። ከዚያ 58 ትዕይንት እስኪቀር ቆረጥን።

7. ቀረጻ፦ ጉሙን፣ ቁልቁለቱን፣ ሌንሱን

ተከታታዩ በስልክ ስለሚታይ ፊት ላይ ተጠግተን ነበር የቀረጽነው። ትልቅ ስክሪን ላይ ያ ፊት ያፍናል። አንድ ትዕይንት ውስጥ ቢያንስ አንዴ ሰውየውን ከቦታው ጋር አሳዩት። የፍሬሙን ቅርጽም ከታሪኩ ተነሥታችሁ ምረጡ። ብዙው ሰው ሲኒማ ለማስመሰል በጣም ሰፊውን፣ 2.39 ለ1 (ስፋት ለቁመት) የሚባለውን ይመርጣል። የእኛ ታሪክ ቁልቁለት ነው፤ ከላይ ገደል ከታች ገደል፤ ቁመት ያስፈልገው ስለነበር 1.85 ለ1 ያዝን።

የጉም ማሽን አትከራዩ። ሐምሌና ነሐሴ የደሴው ጦሳ ተራራ ጉሙን በነፃ ይሰጣል። ግን ጉም አይታዘዝም፤ መጥቶ በሃያ ደቂቃ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የጉም ትዕይንቶችን አስቀድማችሁ በደረቅ ቀን ተለማመዱ፤ ጉሙ ሲመጣ ንግግር የሌላቸውን ሰፋፊ ቀረጻዎች መጀመሪያ ያዙ፤ ንግግሩን ሚኒባሱ ቆሞ ከውስጥ፣ መስኮቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግታችሁ በሌላ ቀን ትጨርሱታላችሁ። ሐረጎ ከባድ መኪና የማይለየው ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ የትራፊክ ፖሊስ ፈቃድና ከላይም ከታችም ባንዲራ የያዘ ሰው ሳይኖር ካሜራ አታውጡ። እኛ አንድ ቀን ሰው ጎድሎን ቀረጻውን ሰርዘን ተመልሰናል፤ ደግ አደረግን።

ሌንሱን ተጠንቀቁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በጠዋት በብርድ ያደረ ካሜራ ይዛችሁ ወደ ሙቀቱ ስትወርዱ እርጥበቱ መስታወቱ ላይ ይቋጥራል። ብትጠርጉትም ይመለሳል። ደሴ ሳላችሁ ካሜራውንና ሌንሱን በፌስታል አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሳትፈቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። ጠሉ ፌስታሉ ላይ ይቀራል።

የካሜራ ቅንብር፦ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም ከቀረጻችሁ ሸተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉ፤ አምፖሉ አይንቀጠቀጥም። በ24 ለመቅረጽ ከወሰናችሁም ሸተሩ 1/50 ይሁን፣ በዲግሪ ለሚሠራ ካሜራ 172.8። ከተከታታዩ የተረፈ ቀረጻ ልትቀላቅሉ ካሰባችሁ ግን ፊልሙም 25 ይሁን። በ25 የተሠራን ፊልም ወደ 24 ማዘግየት 100 ደቂቃውን ወደ 104 ያወጣዋል፤ ድምፁም ይወፍራል።

8. ግራፊክስ ትንሽ፣ ድምፅ ብዙ

በተከታታዩ 90 የሚሆን የግራፊክስ ሾት ነበረን፤ በስልክ ሲታይ ይበቃ ነበር። አዳራሽ ውስጥ ስንሞክረው ጠርዙ ሁሉ ታየ። ለፊልሙ 11 ብቻ አስቀርተን በእነሱ ላይ ጊዜ አጠፋን። የቀረውን ድምፅ ተሸከመው። ሙዚቃችን በአምባሰል ቅኝት አንዲት ዜማ ናት፤ ሚኒባሱ በተመለሰ ቁጥር አንድ መሣሪያ ይቀነሳል፦ መጀመሪያ ዋሽንቱ፣ ከዚያ ክራሩ፤ በመጨረሻ ማሲንቆው ብቻውን ይቀራል። ተመልካቹ ለምን ልቡ እንደተረበሸ አያውቅም፣ ግን ይረበሻል።

ድምፁን በ5.1 (ተመልካቹን በሚከብብ ባለ ስድስት ቻናል ድምፅ) ካቀናበራችሁ የሁለት ቻናል ቅጂም አብራችሁ አውጡ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ባለ 5.1ዱን ፋይል በሁለት ስፒከር ብቻ ከፈቱት፤ ንግግሩ ያለው በመካከለኛው ቻናል ስለሆነ ሙዚቃና ዝናብ እየተሰማ የሰው ድምፅ ጠፋ። አሥር ደቂቃ ሰው በትዕግሥት ተቀመጠ፤ የታሪኩ አካል መስሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከማሳየታችን በፊት ሁልጊዜ አምስት ደቂቃውን በዚያው አዳራሽ መሣሪያ ከፍተን፣ የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጠን እንሰማለን።

9. ለሁለት ዓይነት ሰው አሳዩ

ሳያልቅ ለሙከራ አሳዩት። አንድ ቀን ድራማውን ለተከታተሉ፣ ሌላ ቀን ምንም ለማያውቁ፤ አትቀላቅሏቸው፤ የሚያውቀው ለማያውቀው እያስረዳ ያበላሽባችኋል። እኛ የመጀመሪያውን ደሴ ከተማሪዎች ጋር፣ ሁለተኛውን ኮምቦልቻ ከፈረቃ ከወጡ የፋብሪካ ሠራተኞች ጋር አደረግን። የሠራተኞቹ አስተያየት ይበልጥ ነበር፤ ደክሟቸዋልና ሲሰለቹ አይደብቁም። ስልክ የወጣበትን ደቂቃ ጻፉ። “ወደዳችሁት?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ “ታሪኩን ንገሩኝ” በሉ። ሕጉን በራሳቸው ቃል ከነገሯችሁ ደርሳችኋል። ድራማውን የወደዱ ሰዎች የጠፋ ተሳፋሪ ይጠይቃሉ፤ ስሙት፣ ግን ለእሱ ብላችሁ ትዕይንት አትመልሱ። እኛ ለእነሱ ያደረግነው ትንሽ ነገር ነው፦ የተቀነሱት ተሳፋሪዎች ሁሉ መናኸሪያው ውስጥ ሚኒባስ ሲጠብቁ ይታያሉ።

የጎረቤታችን እናትም መጥተው አዩት። ሲወጡ በሩ ክፍት መቅረቱን እንዳዩ ነገሩኝ።

ያለቀውን ፊልም፣ የድምፁን ፋይሎችና ጥሬ ቀረጻውን በሁለት ሃርድ ዲስክ ያዙ። አንዱ ደሴ፣ ሌላው ኮምቦልቻ ይቀመጥ፤ በየስድስት ወሩ ሁለቱንም ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው መጫወቱን አረጋግጡ።